እሳት የሌለው ቤት

እሳት በሌለበት ቤት ሰው በጭስ እንዴት ይሞታል? መርማሪዋ መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆማ ይህን አሰበች። ጡረተኛው የሂሳብ አስተማሪ አልጋው ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ ጉንጮቹ እንደ ሕፃን ቀልተዋል።

«የከሰል መርዝ ነው» አላት ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጉንጩን ያቀላውም እሱ ነው። የሞተው ትናንት ምሽት ነው።»

ሰዓቷን አየች፤ ረፋድ አራት ሰዓት። ጻፈችው።

ቤቱ ውስጥ ምድጃ የለም። ልብስ ሰፊዋ ሴት ልጁ ለአባቷ ሳንባ ብላ አምና የከሰሉን ምድጃ አስወጥታ፣ ከውጪ አየር ሙቀት የሚስብ ማሽን አስገጥማለታለች። ማሽኑን የገጠመው ቴክኒሺያን አሁን ጓሮ ውስጥ በሁለት ፖሊሶች መሃል ቆሟል። የሟች ታናሽ ወንድም «የሱ ማሽን ጋዝ አፍስሶ ገደለው» ብሎ ከሶታል። እስከ ማታ ሌላ ነገር ካልተገኘ ማደሪያው እስር ቤት ነው።

«ይሄ ነገር ምንድን ነው የሚያቃጥለው?» አለችው ጓሮ ወጥታ ግድግዳው ላይ የተገጠመውን ማሽን እያየች።

«ምንም! ስንቴ ልናገር? ፍሪጅ ከምግቡ ሙቀት ወስዶ በጀርባው ይተፋ የለ? ይሄ ደግሞ ከውጪው አየር ወስዶ ቤት ውስጥ ይተፋል።»

«በዚህ ውርጭ ምን ሙቀት አለና?»

«ለእኛ ነው ውርጭ የሆነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዚህም ብርድ ይፈላል። የተነነውን መጭመቂያው ሲጨምቀው ይግላል፤ ሙቀቱን ለቤቱ ሰጥቶ ይመለሳል። አንድ እጅ መብራት ይበላል፣ ሦስት እጅ ሙቀት ያወጣል። ጭስ የለ፣ አመድ የለ። ቢያፈስ እንኳን የሰው ጉንጭ አያቀላም።»

መርማሪዋ ከማሽኑ ጀርባ ተንበረከከች። አየር የሚገባበት ወንፊት በወፍራም በረዶ ተደፍኗል። በረዶው ውስጥ ሰማያዊ ክር የተንጠለጠለበት ጥቁር የልብስ ቁልፍ ነበር። በቢላ ፈልፍላ ኪሷ ከተተችው።

ወንድምየው ሳሎን ተቀምጧል። አርባ ዓመት የፋብሪካ ቦይለር ያነደደ ሰው ነው፤ ቤቱም እዚያው አጥር ለአጥር።

«ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ምን አደረጉ?»

«መስኮት ከፈትኩ። ከዚያ ፖሊስ ጋ ደውዬ ጋዝ ገደለው አልኳቸው፤ አንድ ሰዓት ላይ። ያ ቴክኒሺያን ፍሪጅ ገልብጦ ማሞቂያ ነው ብሎ ሸጠላችሁ ስለው፣ ወንድሜ አንተ የቦይለር ቅሪት እያለ ይስቅብኝ ነበር።» ሊስቅ ሞከረና ተወው።

ልጅቷ ከስፌት ፋብሪካው የማታ ተራ ስትመለስ ነው የሰማችው። «ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ስወጣ ቤቱ ሞቅ ያለ ነበር» አለች። አላለቀሰችም። ጣቶቿ ብቻ መርፌ የያዙ ይመስል ይንቀሳቀሱ ነበር።

መርማሪዋ ወደ መኝታ ቤቱ ተመልሳ ከአልጋው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምንጣፍ በእግሯ ገለጥ አደረገች። ከዚያ ወደ ወንድምየው ዕቃ ቤት ሄደች።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሳሎን ተሰበሰቡ። መርማሪዋ በዕቃ ቤቱ ያገኘችውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሐኪሙ መርዝ መሆኑን የነገረኝ አራት ሰዓት ላይ ነው» አለች ወደ ወንድምየው ዞራ። «እርስዎ አንድ ሰዓት ላይ አውቀውታል። ወንድሙን ሞቶ ያገኘ ሰው በዚህ ብርድ ሮጦ መስኮት አይከፍትም፤ ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ ካላወቀ በቀር። ምንጣፉ ሥር ወለሉ ክብ ሆኖ ተቃጥሏል። ይኸው ያቃጠለው።»

ጥቅሉን ፈታችው። የከሰል ምድጃ ነበር።

ወንድምየው አልካደም። «ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በረደኝ ብሎ ደወለልኝ። አንድጄ አመጣሁለት። መስኮቱን ጣት ታህል ከፍቼለት ነው የሄድኩት። ጠዋት ስገባ ዘግቶት አገኘሁ።»

«እኔንስ ምን አድርጌህ ነው?» አለ ቴክኒሺያኑ።

መርማሪዋ ምድጃው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ዘረጋችው። ጥጥ የተሞላ፣ በልክ የተሰፋ፣ ጫፉ በፍም የተለበለበ ሰማያዊ ካፖርት ነው፤ ግን እጅጌ የለውም። ሦስት ቁልፎች አሉት። አራተኛውን ከኪሷ አውጥታ ቦታው ላይ አስቀመጠችው።

«ማሽኑ የቆመው ይሄ ስላፈነው ነው። በረዶ ሠራ፤ ቤቱ ቀዘቀዘ። ቁልፉን ያገኘሁት በረዶው ውስጥ ነው።»

ልጅቷ ጨርቁን ዳሰሰችው።

«እኔ ነኝ ለማሽኑ የሰፋሁለት» አለች ቀስ ብላ። «ትናንት ስወጣ አለበስኩት። ብርድ እንዳይመታው ብዬ። ፊቱን እኮ ክፍት ትቼለታለሁ።»

ቴክኒሺያኑ ወለሉን እያየ «የሚተነፍሰው በጀርባው ነው» አለ። «ዝናቡንም ብርዱንም እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። የገጠምኩ ቀን ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ወንድምየው መርማሪዋን ቀና ብሎ አያት። «ምድጃውን አግኝተሽ አልነበር? እሱ አይበቃም? ካፖርቱን ለምን አወጣሽው? እሷ እንዳታውቅ ብዬ ነበር ከማሽኑ ላይ ያነሳሁት።»

ካፖርቱ ባይወጣ ማሽኑ በራሱ ተበላሽቶ ቆመ ይባል ነበር፤ ቴክኒሺያኑም አይለቀቅም ነበር። ፖሊሶቹ ሽማግሌውን ይዘው ወጡ። ልጅቷ «አጎቴ» አለች አንድ ጊዜ። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ በጓሮው በር ሄደች።

ቴክኒሺያኑ ለብ ያለ ውሃ እያፈሰሰ በረዶውን አቀለጠው። ማራገቢያው ዞረ። ሳሎኑ ቀስ በቀስ ሞቀና ሃያ አንድ ዲግሪ ሲደርስ መርማሪዋ ካፖርቷን አወለቀች።

«ላጥፋው?» አላት።

ስልኳን አውጥታ ለልጅቷ ጻፈች፦ «ማሽኑ እየሠራ ነው። ይጥፋ ወይስ ይቆይ?»

መልእክቱ ደረሰ። ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ሲመሽ በሩን ቆልፈው ሄዱ፤ ማሽኑን ሳያጠፉት። በሳምንቱ መርማሪዋ መዝገቡን ስትዘጋ ስልኳን ከፍታ አየች። ከጥያቄዋ በታች ምንም አልነበረም።