በቀኝ ጠርዝ ያለችው መስመር

መርማሪዋ ማክሰኞ ጠዋት የካርታ ማኅደሩን በር ስትገባ፣ «እስከ ምሳ የማልፈታው ሞት ገና አልተሞተም» አለች። የሰማት ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እሱም አዛጋ።

ሽማግሌው የማኅደር ኃላፊ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። በሻይ ብርጭቆው ሥር የእንቅልፍ ኪኒን ዱቄት ቀርቷል። አጠገቡ የራሱ የእጅ ጽሑፍ ስካን ተደርጎ ከኮምፒውተር የታተመበት ወረቀት አለ፦ «ደክሞኛል። ከእንግዲህ አልመለስም። ይቅር በሉኝ።» ሰውየው እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ ስካን ማድረግ ስለሚወድ ማንም አልገረመውም። መርማሪዋ «ራሱን ገድሏል» ብላ ፈረመች፤ ምሳዋንም በሰዓቱ በላች።

ሴት ልጁ ግን እህል አልወርድ አላት። ሰኞ ዕለት «አባዬ፣ አንተ የወረቀት አባት ነህ» ብላው በር ወርውራ ነበር የወጣችው። ሐሙስ መርማሪዋ ቢሮ መጣች። ዓይኗ ደርቋል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት?»

መርማሪዋ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠቻት። ልጅቷ በቀኙ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በወረደች ክር የመሰለች ጥቁር መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እድፍ ነው፤ ፕሪንተሩ ነው» አለች መርማሪዋ።

«ትርፍ ነው። አባዬ ይቺን ካየ ቀኑን ሙሉ ይነጫነጭ ነበር።»

መርማሪዋ ኮቷን አነሳች። እንደ ደከማት ያስታውቃል፤ ቢሆንም ሄደች።

የሟች ወንድም፣ የማኅደሩ መጽሐፍ ጠራዥ፣ ሻዩን አፍልቶ ሲያመጣ እጁ ሙጫ በሙጫ ስለነበር በሩ ላይ ለፈጣኑ እንዳቀበለው ነገራት። ፈጣኑ የሟች ረዳት ነው፤ አራት ሺህ የካርታ ስካን በሦስት ወር ከድሮው የፋይል ዓይነት ወደ አዲሱ ስለለወጠ ነው ስሙ የወጣለት። እሱ ደግሞ ሻይ የሚባል ነገር አላየሁም አለ። መርማሪዋ ከካርታዎቹ አሥሩን ከፈተች፤ አሥሩም በቀኝ ጠርዛቸው ጥቁር መስመር አላቸው። የዋናዎቹ ወረቀቶች መደርደሪያ ባዶ ነበር።

ዓርብ ልጅቷን፣ ጠራዡንና ፈጣኑን ሰበሰበቻቸው።

«ጥቁርና ነጭ ብቻ ያለው ምስል ለኮምፒውተር ዜሮና አንድ ነው» አለች። «በድሮው ፋይል ዜሮ ጥቁር ነው፣ በአዲሱ ነጭ። ስለዚህ ሲለወጥ ሁሉም ይገለበጣል። የድሮው ፋይል ነጥቦቹን ስምንት ስምንት አድርጎ ያስቀምጣል፤ የረድፉ መጨረሻ ስምንት ካልሞላ በዜሮ ይሞላዋል። ያ ትርፍ ከምስሉ አይቆጠርም። ሳይቆርጡት ከገለበጡ ግን ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል።»

«መጀመሪያ ቁረጥ፣ ከዚያ ገልብጥ» አለ ጠራዡ በቀስታ። «ወንድሜ ለፈጣኑ ይህን ሲለው ሲለው ሰልችቶኝ ነበር።»

እሷም ቀጠለች። ይህ መሰናበቻ ከድሮ ፋይል የተለወጠ ነው። ሊሞት የተነሳ ሰው ከተተወ አሥራ ሁለት ዓመት ባለፈው ፋይል ምን ያደርጋል? ፋይሉንም አግኝታዋለች፤ ሽማግሌው የሠራተኞች የቼዝ ክበብ ሊቀመንበርነቱን ሲለቅ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ጠራዡ ኮምፒውተር ማብራት አያውቅም። ልጅቷ ትርፍ መቁረጥን ከፊደል በፊት ነው የተማረችው። ሳይቆርጥ የሚገለብጥ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ሻዩን የተቀበለውም እሱ ነው።



«ሽማግሌው ከካርታዎቹ ግማሹ አይነበብም አለኝ» አለ ፈጣኑ። «ዋናዎቹን ሳላመሳክር አቃጥያቸው ነበር። ማክሰኞ ሊያመለክትብኝ ነበር።»

ከወሰዱት በኋላ መርማሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወደ ልጅቷ ዞር አለች።

«ሌላ መርማሪ ቢሆን ኖሮ ይቺን መስመር አያያትም ነበር።»

«እርስዎም አላዩዋትም» አለች ልጅቷ። «እኔ በእርስዎ ፊርማ ሦስት ቀን የአባቴ ገዳይ ሆኜ ነው የከረምኩት።»