ማቆሚያው ለምን ዘገየ?

ሠራተኛው ሐዲስ እስከሞተበት ከሰዓት ድረስ፣ የሸኮው ቡና መፈልፈያ እንዲህ ይሠራ ነበር። ማሽኑ ወንዙ ዳር፣ ሞተሩ ከወንዙ ማዶ። ማሽኑ ላይ ያለው ቀይ ማቆሚያ ሲጫኑት ትእዛዙ በራዲዮ ተሻግሮ ሞተሩን ያጠፋል። በዚያው ራዲዮ የካሜራ ምስል ሚዛን ተፈሪ ወዳለው ቢሮ ይላካል። ዝናብ ሲጥል ራዲዮው ሁለቱን እኩል መሸከም ስለሚያቅተው፣ ማቆሚያው እንዲቀድም፣ ምስሉ እንዲጠብቅ ተደርጓል። ይህን ተራ መለወጥ የሚቻለው በቴክኒሻኑ ስልክና በቢሮው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ማናልሞሽ ስትደርስ አስከሬኑ ጋቢ ለብሷል። የሸሚዙ ቅዳጅ አሁንም በማሽኑ ቀበቶ እንደተነከሰ ነው። ቴክኒሻኑ ሱሀይብ በካቴና ታስሮ ቆሟል። እሷ ግን መቆም አልቻለችም፤ እርጥቡን ጣውላ ትመላለስበታለች።

«ጋሽ ተካ፣ ሐዲስ ማቆሚያውን ተጭኖታል?»

«በደህናው እጁ፣ ልጄ! ደጋግሞ!» አለ ዘበኛው። «ሞተሩ እንደ ግትር በቅሎ እንቢ አለ።»

«ሱሀይብስ?»

«ጠዋት ማቆሚያውን ፈትሾ ከጨረሰ ወዲህ ከእኔ ጋር ቦይ ሲጠርግ ነበር። ስልኩም እኔ ኪስ።»

ከሚዛን የመጣው ሥራ አስኪያጅ ባስልኤል ጣልቃ ገባ። «ሲፈትሸው አበላሽቶታል፤ ሌላ ምን ይኖራል?»

«ጠዋት ሲፈትሽ ይዘንብ ነበር?»

«ያወርደው ነበር እንጂ!»

«ምስሉስ?»

«ኧረ ይተዉኝ! ይቆራረጣል፣ ይደርቃል። ገዢዎቹ ቢሮዬ ተቀምጠው አፈርኩ።»

«ሐዲስ ሲሞትስ?»

«ዝናቡ ያው ነው። ምስሉ ግን ኩልል ያለ፤ ሲጫን በዓይኔ አየሁት።»

ማናልሞሽ መመላለሷን አቆመች። ሁሉንም ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ጠዋት ምስሉ የተቆራረጠው ማቆሚያው ስለሚቀድመው ነው። ስለዚህ ሱሀይብ በትክክል ትቶት ሄዷል። ከሰዓት ዝናቡ ሳይቀንስ ምስሉ ከጠራ፣ በመሃል ተራው ተገልብጧል ማለት ነው። ተራው የሚለወጠው በሱሀይብ ስልክና ቢሮዎ ባለው ኮምፒውተር ብቻ ነው። ስልኩ ጋሽ ተካ ኪስ ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት ማን ነበር፣ አቶ ባስልኤል?»

ባስልኤል አንገቱን ደፋ። «እንግዶቹ እስኪሄዱ ብዬ ነው… ሰው ይሞታል ብዬ መች አሰብኩ?»

«ምስሉማ አምሮልዎታል፣ ጌታዬ» አለ ጋሽ ተካ።

ካቴናው ከሱሀይብ እጅ ወጣ። ዝናቡ ሳያባራ ሁለቱም አሠራር ተፈተነ። ምስሉ ሲቀድም ማቆሚያው ከተጫነ በኋላ ሞተሩ እስኪቆም አሥራ አንድ ሰከንድ ፈጀ፤ ማቆሚያው ሲቀድም ከአንድ ሰከንድ በታች።