ባቡሩ ካረጀ በኋላ

«ባቡሩ አርጅቶ ሲቆምስ፣ ሲሚንቶውንና ብረቱን ከማሳችን ላይ ማን ያነሳልናል? ድንጋይ የሚወጣበትን ጉድጓድስ ማን ይደፍነዋል?»

ጥያቄውን በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ፣ ያቀረቡት እትዬ ገበያነሽ ነበሩ። ከከተማው ዳር ቡሹሎ በሚገኘው የቀበሌ አዳራሽ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ወደ ታቢታ ዞረ። ታቢታ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ያደገችው ቡሹሎ ነው፤ አሁን ግን ከአክስቷ ጋር መሃል ከተማ ትኖራለች። የተቀጠረው አስተርጓሚ ስለቀረ መምህሯ እሷን ላኳት። የጥያቄውን መልስ አታውቀውም። ማወቅም አይጠበቅባትም ነበር፤ ሥራዋ የተባለውን ለአቶ ያሬድ በአማርኛ መንገር ብቻ ነው።

አቶ ያሬድ ሰዓታቸውን አዩ። ሊሠራ ስለታሰበው ፈጣን ባቡር ለማጥናት ከአዲስ አበባ የመጣው ቡድን መሪ ናቸው። ጠዋት መኪና ውስጥ፣ «ጎበዝ ነሽ፤ ክረምት ላይ ቢሮአችን መጥተሽ ትለማመጃለሽ» ብለዋታል። ታቢታ ከዚያ ወዲህ እሳቸውን የሚያሰለች ነገር እንዳትናገር ስትጠነቀቅ ቆይታለች።

«ምን አሉ?» ሲሉ ጠየቋት።

«እ… ባቡሩ ቢመጣ ደስ ይላቸዋል።»

አቶ ያሬድ ፈገግ አሉ። ረዳታቸው ኢያኤል ኮምፒውተሯ ላይ ጻፈች። እትዬ ገበያነሽ ሲጻፍ አይተው ጥያቄያቸው የደረሰ መሰላቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ለሻይ ሲወጡ የልጅነት ጓደኛዋ ማቴዎስ ተከተላት።

«አንቺ! ‹ደስ ይላቸዋል›? ፎገርሻቸው እኮ!»

«ጭጭ በል በናትህ። ገና ላልተሠራ ባቡር ስለ ማርጀት ይጠየቃል?»

«ጉድጓዱን ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳችውም። አስፋልት ሲሠራ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ አፉን እንደከፈተ ጥለውት ሄዱ። የእትዬ ገበያነሽ ልጅ ሰላም እዚያ ውስጥ ወድቃ እግሯ ተሰብሯል፤ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

በዚህ መሃል እትዬ ገበያነሽ መጡና የተቀቀለ በቆሎ ታቢታ እጅ ላይ አኖሩ።

«ብዪ የኔ ልጅ። እኔ ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ዛሬ አንቺ አፍ ሆንሽልኝ።»

ታቢታ አንዴ ገመጠች። የቀረውን ለማቴዎስ ሰጠችው።

ከሻይ በኋላ አቶ ያሬድ ጥናቱን አብራሩ። «ፈጣን ባቡር ሲሄድ የሚያመጣው ጭስ ከአውቶቡስና ከመኪና ያነሰ ነው። ግን ለሐዲዱና ለድልድዩ የሚሆነው ሲሚንቶና ብረት ሲመረት ብዙ ጭስ ይወጣል። ያንን ለማካካስ ባቡሩ ሰው እየሞላ ለብዙ ዓመታት መሥራት አለበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቁፋሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለውን ጉዳትና ወጪ እናጠናለን።»

ታቢታ ቃል በቃል ተረጎመች። «እስከ መጨረሻው» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ።

«ሰዉ ስለ መጨረሻው ምን አለ?» አለች ኢያኤል ከኮምፒውተሯ ቀና ብላ። «እዚህ ጋ ባዶ ነው።»

«የጠየቀ የለም» አሉ አቶ ያሬድ። «‹ነዋሪው ስጋት የለውም› ብለሽ ጻፊ። የማፍረሻውንና የማንሻውን ወጪም ከስሌቱ አውጪው። በሉ እንሂድ።»

«ጋሼ ያሬድ፣ አንዴ…» አለች ታቢታ።

«በኋላ በስልክ ትነግሪናለሽ» አሉ ቦርሳቸውን እያነሱ።

ለኢያኤል በጆሮዋ ብትነግራትስ? በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። ጥያቄው ይጻፋል፤ እትዬ ገበያነሽም ምንም ሳያውቁ ይቀራሉ። ታቢታ ወደ ኢያኤል ጠረጴዛ መሄድ ጀመረች። መንገድ ላይ ቆመች። ፊቷን ወደ ሰዉ አዞረችና በሲዳሙ አፎ ተናገረች።

«እትዬ ገበያነሽ፣ የጠየቁትን አልነገርኩልዎትም። ሌላ ነገር ነው ያልኩት። ዋሽቻለሁ።»

ቀጥላ ጥያቄውን በአማርኛ ተናገረች፤ የጉድጓዱንና የሰላምን እግር ነገርም ጨመረች።

«ወይ ጉድ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አቶ ያሬድ በሩ ላይ ቆመው ሰሙና፣ «እሺ፣ ኢያኤል ትያዘው፤ እኔ ሌላ ስብሰባ አለብኝ» ብለው ወጡ።

እትዬ ገበያነሽ አልተቆጡም። ታቢታን አዩዋትና ወደ ማቴዎስ ዞሩ።

«ና እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ። ከአሁን በኋላ አንተ ንገርልኝ።»

ኢያኤል ኮምፒውተሯን እንደገና ከፈተች። ውጪ ሾፌሩ ክላክስ አደረገ፤ ወደ ከተማ የሚመለስ ካለ ይግባ ማለቱ ነው። ማንም ታቢታን ቆዪ አላላትም። የሚተረጎም ነገርም አልነበራትም። የኋላውን አግዳሚ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አቶ ያሬድ ሄዱ። ኢያኤል ቀረች፤ ታቢታም ቀረች።