የሚጮህ ሁሉ

«አሁን ይመጣል። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የምነግረው» አለ አጎቷ፣ በጀሶ የታሰረ ቀኝ እጁን ትራስ ላይ እያመቻቸ።

ልጅቷ የውሃውን ብርጭቆ በግራ እጁ አስያዘችውና ወደ ተከፈተው መስኮት ዞረች። ሞተር ሳይክሉ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መሪው ተጣሟል፣ የፊት ጭቃ መከላከያው ተሰንጥቋል። ትናንት ጠዋት ከዚህ ግቢ ሲወጣ ደህና ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ግን የፊት ፍሬኑ አልይዝ አለ። የኋላው ብቻውን አልቻለም፤ አጎቷ ከቆመ ጋሪ ጋር ተላተመ።

«ከትናንት ወዲያ አዲስ የፍሬን ሸራ ገጠመልኝ፤ በማግስቱ ፍሬን የለም። ስይዘው እኮ እንደ ሳሙና ነው የሚያንሸራትተው። ከዚያ መካኒክ፣ ከብሎን ሌላ ማን ነካው?»

«መትረፍህን አመስግን» አለች እናቷ ከወጥ ቤት።

ልጅቷ ሌላ ማን እንደነካው ታውቃለች።

አጎቷ የሚኖረው በዚያ ሞተር ዕቃ እያደረሰ ነው። «እኔ እጋልባለሁ፣ አንቺ ትቀልቢያለሽ» ብሎ ሥራውን ያስተማራት ራሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ጎማዎቹን በአውራ ጣቷ ተጭና ታያለች። ሰንሰለቱን መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ትጠርግና ከዚያ ዘይት ታንጠባጥብበታለች፤ ቆሻሻ ላይ ዘይት ማፍሰስ ጭቃ ማቡካት ነው ይላታል። «ኢንጂነር» ብሎ ነው የሚጠራት። ክፍሏ ውስጥ ስሟን አስታውሶ የሚጠራት መምህር እንኳ ስለሌለ፣ ይህ ስም ከምንም በላይ ደስ ይላታል።

አንድ አባባልም አለው። በሩ ሲጥ ሲል፣ የሞተሩ መቆሚያ ሲንቋቋ፣ «የሚጮህ ሁሉ ዘይት የጠማው ነው» ይልና ጣሳውን አምጪ ይላታል።

ትናንት ጠዋት ሞተሩን ወደ በሩ ስትገፋው ከፊት ጎማው በኩል ሲጥ፣ ሲጥ አለ። አዲስ ሸራ እስኪላመድ እንደሚጮህ ብሎን ለአጎቷ ሲነግረው እሷ ትምህርት ቤት ነበረች። ከሰንሰለቱ የተረፈውን ዘይት የጠረገችበትን ጨርቅ አነሳችና ሸራው ነክሶ የሚያቆመውን የሚያብረቀርቅ የፍሬን ዲስክ ዙሪያውን፣ በሁለቱም ገጹ ወለወለችው። ጩኸቱ ጠፋ።

«ሁሉንም አይተሽዋል ኢንጂነር?» አላት አጎቷ ሄልሜቱን እያጠለቀ።

«አይቻለሁ።»

ማታ እጁ በጀሶ ታስሮ መጥቶ «እንደ ሳሙና» ያለ ጊዜ፣ ያ ጨርቅ ትዝ አላት።

የግቢው በር ሲጥ ብሎ ተከፈተ።

ብሎን አጭርና ድርቅ ያለ ሰው ነው፤ ቅጽል ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው። የሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል። እሱ የሠራው ሲያምር «ጋራዡ ጎበዝ ነው» ይባላል፤ የተበላሸ ቀን ግን ስሙን ሁሉም ያስታውሰዋል። ድሮም ጥፋት ባለቤት ሲያጣ፣ ቅባት የነካው እጅ ላይ ሄዶ ያርፋል።

ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ ሞተሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ዲስኩን በጣቱ ዳሰሰው፣ ጣቱን አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጣ።

«ዘይት ነው» አለ። «ሸራው ጠጥቶታል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ አይድንም፣ መጣል ነው።»

«እና ዘይቱን ማን አጠጣው?»

ብሎን እጆቹን ገልብጦ አያቸው። የመዳፎቹ መስመሮች ጥቁር ናቸው። «ታጥቤ ነበር የገጠምኩት» አለ። «ታጥቤ ነበር መሰለኝ።»

«መሰለኝ? እኔ ሞቼ ቢሆን መቃብሬ ላይ ‹መሰለኝ› ብለህ ልትጽፍ ነበር?»

ልጅቷ የመስኮቱን ጠርዝ ጨበጠች። ብሎን ይጮሃል፣ ይምላል፣ ይክዳል ብላ ነበር የጠበቀችው። ቢክድ ይቀላት ነበር።

«ለጋራዡ ባለቤት ከነገርከው አልቀየምህም» አለ ብሎን። «ሌላው ሠራተኛ ላላ አድርጎ ላሰረው ጎማ እኔን አስጠንቅቆኛል። ሁለተኛ ቅሬታ ከመጣብህ ዕቃህን ሰብስብ ብሎኛል። እሰበስባለሁ፤ ምን አደርጋለሁ። አንተ ግን እንኳን ተረፍክ።»

ወደ ቧንቧው ሄደና ውሃውን ከፈተ። ሳሙናውን አንስቶ እጁን ይፈትግ ጀመር፤ መዳፉን፣ በጣቶቹ መሀል፣ የጥፍሮቹን ሥር። ጥፋቱ እዚያ የሆነ ቦታ ተደብቆበት የሚፈልገው ይመስላል።

«ሰማሽ አይደል፣ በራሱ አፍ አመነ» አለ አጎቷ፤ ስልኩን በግራ እጁ አቀበላት። «ይሄ እጅ አልታዘዝ አለኝ። እስቲ ኢንጂነር፣ የጋራዡን ባለቤት ቁጥር አውጪና ደውዪልኝ።»

ቁጥሩን አገኘችው። ጎማ የምትጫንበት አውራ ጣቷ ከስልኩ በላይ ቆመ። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ነገም ኢንጂነር ናት። ውጭ ግን ሰውየው አሁንም ይፈትጋል፤ አረፋው ነጭ ከሆነ ቆይቷል።

ስልኩን ደፍታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ወጣችና ከደረጃው ሥር የዘይቱን ጣሳና ጨርቁን ይዛ ተመለሰች፤ አጎቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«ምንድን ነው ይሄ? አንሶላውን አበላሸሽው እኮ። እናትሽ ሁለታችንንም ነው የምትገድለን።»

«ጋሼ፣ የሚጮህ ሁሉ ዘይት የጠማው ነው ብለኸኝ የለ?»

«እሺ?»

ውጭ የቧንቧው ድምፅ ቆመ።

«ትናንት ጠዋት ፍሬኑ ጮኸ» አለች ልጅቷ። «ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»