ወደ ኋላ ቤት የሚሄደው ገመድ

«እኛ ቤት እኮ ዲሽ ካስገባን ወዲህ ሰላም የለም!» አለች ሬዲዮ፣ የመማሪያ ክፍሉን መስኮት ተደግፋ። «አከራዮቻችን ሳይቀሩ ማታ ማታ እኛ ጋ እየመጡ ነው የሚያዩት። ምን እናድርግ፣ ሰው አትምጡ አይባል!»

ቃሪያ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ይህን ስትሰማ የምታኝከው ማስቲካ ጉሮሮዋ ላይ ሊሰነቀር ምንም አልቀረው። «አከራዮቻችን» የተባሉት እኮ የእሷ አባትና እናት ናቸው! ዲሹም የእነሱ ነው፣ ሪሲቨሩም የእነሱ ነው፣ ሬዲዮና እናቷ የሚኖሩበት የኋላ ቤትም የእነሱ ነው። ዓይንን በጨው አጥቦ መዋሸት ማለት ይሄ ነው።

«ሬዲዮ» ክፍሉ ያወጣላት ስም ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ አትዘጋማ። «ቃሪያ»ንም ያወጡት እነዚሁ ናቸው፤ ንግግሯ ያቃጥላል ብለው። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ነው ያደጉት። ድሮ አይነጣጠሉም ነበር፤ አሁን ግን ቃሪያ ሬዲዮን ባየች ቁጥር ከንፈሯ ይጣመማል። ጉራ አትወድማ። በተለይ ባዶ ጉራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነቃሪያ ቤት ፊት ለፊት ፎቅ ስለተገተረበት ዲሹ ሳተላይቱን የሚያገኘው ከኋላ ቤቱ ጣሪያ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ የቃሪያ እናት፣ «ጣሪያው የእናንተ ራስ ላይ ነው፣ ምስሉም ይድረሳችሁ» ብላ ከሪሲቨሩ አንድ ረጅም ገመድ ወደ ኋላ ቤቱ ትንሽ ቴሌቪዥን አስወሰደችላቸው። ሪሲቨሩና ሪሞቱ ግን ትልቁ ቤት ናቸው። ስለዚህ ሬዲዮና እናቷ የሚያዩት ቃሪያ የተጫነችውን ነው። ቃሪያ ዜና ካለች ዜና፣ ዘፈን ካለች ዘፈን።

ተነስታ ልታጋልጣት ትችል ነበር። ከእሷ ጋር አፍ መካፈት ራስን ማዋረድ መስሎ ታያትና ተወችው። «ቆይ ብቻ» አለች በሆዷ።

ማታ ተማሪው ሁሉ የሚጠብቀው ተከታታይ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ነበር። ሙሽራዋ ከሁለቱ ወንድማማቾች ማንን እንደምትመርጥ የሚታወቅበት ቀን። ሙሽራዋ ዓይነ ርግቧን ገልጣ አፏን ልትከፍት ስትል ቃሪያ ሪሞቱን ተጫነች። አንድ መላጣ ሰውዬ ብቅ አለና ሲሚንቶ ከአሸዋ ጋር እንዴት እንደሚቦካ ማስረዳት ጀመረ።

ከግድግዳው ወዲያ «ውይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምነው ቀየርሽው?» አለች እናቷ ሶፋው ላይ እያንቀላፋች።

«ሰለቸኝ» አለች ቃሪያ። ሳቋን መያዝ አልቻለችም። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ሬዲዮ አፏን ትይዛለች ብላ ስትጠብቅ፣ ጭራሽ! እንደ ልማዷ መስኮቱ ላይ ተደግፋ መጨረሻውን ተረከችው። ሙሽራዋ ሁለቱንም ቀለበቶች መሬት ላይ ጥላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ የአውቶቡስ ደረጃ ላይ ስትወጣ፣ ሾፌሩ ደንግጦ ሒሳብ ሳይጠይቃት... ያላዩት አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። ያዩት እርስ በርስ ይተያያሉ።

«የምን አውቶቡስ?» አለ ረጅሙ፣ የክፍሉ ነገረኛ። «አንቺ፣ የቱን ድራማ ነው ያየሽው? አውቶቡስ የሚባል ነገር አልነበረም!»

ሬዲዮ ዙሪያዋን ቃኘችና ዓይኗ ቃሪያ ላይ አረፈ። «እሷን ጠይቋት! አብረን ነው ያየነው።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። ቃሪያ ያንን ድፍረት በአንድ ቃል ልታፈርሰው አፏን ከፈተች፤ ግን መጨረሻውን እሷም አታውቀውም። በየት በኩል አይታው! ሲሚንቶ ሲቦካ ስታይ ነው ያመሸችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄኔ ነው።

«እኔ... አላየሁም» አለች። ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው። «መብራት ጠፍቶብን ነበር።»

«አንድ ግቢ አይደላችሁ እንዴ?» አለ ረጅሙ። «እና እሷ ቴሌቪዥኑን በሻማ ነው ያየችው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ጠረጴዛ ተደበደበ። «በሻማ!» እያሉ ሙድ ያዙባት። ሬዲዮ ኩም አለች። መብራት እንዳልጠፋ ታውቃለች፤ ቻናሉን ማን እንደቀየረውም ታውቃለች። ያንን ከተናገረች ግን የዲሹ ነገር አብሮ ይወጣል። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ እስከ መውጫ ደወል ድረስም ትንፍሽ አላለችም።

ቃሪያ ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ወደ ቤት ስትሄድ ግን ደስታው የለም። የሰው ውሸት ሲያቅለሸልሻት የከረመች ልጅ የራሷን ውሸት ሳታስብ ዱብ አድርጋዋለች። ራሷን ናቀች። ከዚያ ደግሞ እንዲህ እንዲሰማት ያደረገችው ሬዲዮ ናት ብላ እንደገና በሬዲዮ ተናደደች።

ቅዳሜ የዲሽ ሠራተኛው መጣ። ሠፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው። ሳሎን ውስጥ ጥቁር መነጽሩን አላወለቀም።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ሙዚየም የሚገባ ሪሲቨር ነው!» አለ፣ አሮጌውን በአንድ ጣቱ እየገፋ። «አዲሱን አስገባልህና ዓለምን ታያለህ። እሱን እኔ ልውሰደው፣ ልዩነቱን ብቻ ትጨምራለህ።»

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ደንበኞቹ የሚያወሩት ስለ አዲሱ ሪሲቨር ብቻ ነው። «የኳሷ ስፌት ሳይቀር ይታያል አሉ» አለ ዓይኑ እየበራ።

«ስፌቷን አይተህ ምን ልትሰፋ ነው?» አለች እናቷ። ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትመጣ የምትፈልገው ጸጥታ ነው። «ያው ሰውዬ ነው ያንኑ የሚያወራው። ፊቱ ቢጠራ ወሬው አይጠራ!»

ቃሪያ እንደ አባቷ ናት። አዲሱ ሪሲቨር ፊልም ይቀዳል፣ ያቆማል፣ ወደ ኋላ ይመልሳል። እሱን ስትለምን ስንት ጊዜዋ!

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ ኢንጂነሩ። «አዲሱ መውጫው አንድ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ቤት የሚሄደው ገመድ ይቆረጣል።»

«ታዲያ እነሱስ?» አለች እናቷ።

አባቷ አንገቱን አከከ። «በቃ፣ አንድ ለአንድ ሆንን። ልጅቷ ትወስን። እሷ ያለችው ይሁን፤ ቃሌ ነው።»

ባለፈው ሳምንት ቢሆን ንግግሩን ሳይጨርስ «ይቆረጥ!» ትለው ነበር። አሁን ግን «መጣሁ» ብላ ወጣች።

ሬዲዮ ቧንቧው ሥር ዩኒፎርሟን ታጥባለች። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነው። ቀና ሳትል፣ «ሰምቻለሁ» አለች። «ይቆረጥ።»

«እኔ ገና ምንም አላልኩም።»

«ምን ትያለሽ ደግሞ? ሲያሰኝሽ ድራማ፣ ሲያሰኝሽ ሲሚንቶ።»

ቃሪያ ፊቷ ጋለ። «እኔ መሆኔን አውቀሽ ነበር?»

«በመሃላችን ያለው አንድ ግድግዳ ነው። ሳቅሽ ይሰማል።»

«መጀመሪያ የዋሸሽው አንቺ ነሽ! አከራዮቻችን እኛ ጋ እየመጡ ያያሉ ብለሽ...»

«አዎ፣ ዋሸሁ!» ሬዲዮ ዩኒፎርሙን ሳፋው ውስጥ ወረወረችው፤ አረፋው ቃሪያ እግር ላይ ተረጨ። «በአንቺ ጣት ማየት ሰልችቶኝ ነው! አንድ ቀን እንኳ የመረጥኩትን አይቼ አላውቅም። እናቴ ቀኑን ሙሉ የሰው ልብስ ስትተኩስ ውላ ዜና ልትሰማ ቁጭ ስትል፣ አንቺ ዘፈን ታደርጊባታለሽ። እሷ ደግሞ ‹ተዪ፣ የሰው ነው› ትለኛለች። ስለዚህ ይቆረጥ። ለምኜሽ አላውቅም፣ አልለምንሽምም።»

ቃሪያ መልስ አላጣችም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮ መኖሯን ሁልጊዜ ታውቃለች፤ የደከማት ሴትዮ ዜና እየጠበቀች እንደምትቀመጥ ግን አንድም ቀን አስባ አታውቅም። አፈረች። ማፈሯንም ጠላችው።

ገባችና ቆማ ተናገረች። «አሮጌው ከነሪሞቱ ለኋላ ቤት ይሰጥ። ዲሹም ያለው እዚያው ነው። እኛ አዲሱን ሙሉ ዋጋው ሲሞላልን በሌላ ጊዜ እንገዛለን።»

አባቷ አፉን ከፈተ። «እና እስከዚያ እኛ ግድግዳ ልናይ ነው?»

«ገመዱን ገልብጬ ብሰካው እነሱ የከፈቱት ለእናንተም ይመጣል» አለ ኢንጂነሩ፤ ገበያው ስላመለጠው ድምፁ ጎርንኗል። «ግን እኔ በዚህ ሥራ ከተከራይ የሚቀላውጥ አከራይ አይቼ አላውቅም። የሠፈር መሳቂያ ነው የምትሆኑት።»

እናቷ ሳቋ አመለጣት። «ቃሌ ነው አላልክም?» አለች።

«ምላሴን በቆረጠው!» አለ አባቷ። ቃሉን ግን አላጠፈም።

ኢንጂነሩ ሪሲቨሩን ታቅፎ ወደ ኋላ ቤት ሄደ፤ ሠርቶ ሲጨርስም ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል «ፋራ ሁሉ!» እያለ ወጣ። ቃሪያና ወላጆቿ ሳሎን ውስጥ ሰማያዊ ስክሪን ፊት ተደርድረው ቁጭ አሉ። ቃሪያ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው ፊልም ሊጀምር ነው።

ሬዲዮ ሪሞቱን ይዛ በሳሎኑ መስኮት ብቅ አለች። ምስጋና የሚባል ነገር ፊቷ ላይ የለም። አገጯን ቀና አድርጋ ሦስቱንም አየቻቸው።

«እሺ» አለች፣ «ምን ላድርግላችሁ?»

ዓይን አውጣ! ቃሪያ ጥርሷን ነከሰች። አባቷ በክርኑ እየጎሰመ «ኳሱን በያት! ኳሱን!» ይላታል በሹክሹክታ። የፊልሙ ስም ምላሷ ላይ ነው፤ ከእሱ ሌላ ደግሞ ሬዲዮን ቀኑን ሙሉ የሚያቃጥል ስድብ አለ። ሁለቱንም ተወቻቸው።

«እናትሽን ጠይቂያት» አለች።