ረጅሙ ሰልፍ

በድንበሩ ኬላ ላይ ሁለት የፍተሻ መስመሮች አሉ። የግራው ይፈጥናል። እዚያ የሚሠራው ፈታሽ ወፍራምና ማጎንበስ የማይወድ ሰው ነው፤ የኋላውን በር ያስከፍታል፣ አንዴ አንገቱን ያስገባል፣ «እለፍ» ይላል። የቀኙ ሰልፍ ግን ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አይልም። እዚያ ያለችው ወጣት ሴት ናት። መስታወት የታሰረበትን ዘንግ በመኪናው ሆድ ሥር ታስገባለች፣ በሮቹን በጣቷ እያንኳኳች ድምፃቸውን ታዳምጣለች፣ የወንበር ሽፋን ትገልጣለች፣ ትርፍ ጎማ ታስወርዳለች።

ጤነኛ ሾፌር ሁሉ ግራውን ይይዛል። ወደ ቀኝ የሚገባው ወይ ለቦታው እንግዳ የሆነ ነው፣ ወይ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ በእጁ ምልክት ያስገደደው።

ዝምተኛው የሚኒባስ ሾፌርም መጀመሪያ ወደ ቀኝ የገባው ተገዶ ነበር። ሚኒባሷ የታላቅ እህቱ ናት። እህቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው ሰኞና ሐሙስ ድንበር በምትሻገረው በዚህች መኪና ነው፤ ስለዚህ ለማንም አምና አትተዋትም፣ ለወንድሟም ቢሆን። ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ሒሳብ ትሰበስባለች፣ ተሳፋሪ ታጠጋጋለች፣ መንገዱን ሙሉ ታወራለች። ወንድሟ ዝምተኛ የሆነው ምናልባት ተራ አጥቶ ይሆናል።

ያን ቀን ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሻንጣቸውን ረጅሙ የሲሚንቶ መደብ ላይ ደረደሩ። እንዲህ ባለ ሰልፍ ላይ የፍተሻ ታሪክ የሌለው ሰው የለም። አንድ ነጋዴ ሌላ ኬላ ላይ የጥርስ ሳሙናውን ሳይቀር ጨምቀው እንዳዩበት አወራ። አንዲት ተማሪ፣ «የኔን ልብስ ደግሞ ሰው ፊት ዘርግፈው፣ ‹በይ ሰብስቢ› ብለውኝ ሄዱ» አለች። መጨረሻ ላይ የቆሙት ጥቁር የለበሱ ሴት ግን ምንም አላሉም።

ፈታሿ የሴትየዋን ሻንጣ ከፈተች። ውስጡ የወንድ ልብስ ነበር፤ ሸሚዞች፣ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ያረጀ ኮት።

«የማን ነው፣ እናቴ?»

«የልጄ። ለወንድሙ ላደርስለት ነው። እሱ ከእንግዲህ አይለብሰውም።»

ፈታሿ የለበሱትን ጥቁር አየች። ከዚያ ኪሶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ሥራዋ ነው፣ ሐዘንም ቢሆን ይፈተሻል። ስትጨርስ ሸሚዞቹን እጀታቸውን ወደ ውስጥ እያጠፈች እንደነበሩ መለሰቻቸው። ኮቱን አራግፋ ከላይ አደረገችው። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችና ሻንጣውን ራሷ ዘጋችላቸው።

ሾፌሩ ይህን ሁሉ ከኮፈኑ አጠገብ ቆሞ አየ። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ቀድማ ዓይኗን የመለሰችው እሷ ናት። ሰው ሰውን በምን እንደሚወድ አይታወቅም። ይሄኛው ሸሚዝ ስታጥፍ አይቶ ወደደ።

በሚቀጥለው ጉዞ ማንም ሳያስገድደው ወደ ቀኝ ታጠፈ።

«አንተ! ምን ሆነሃል?» አለች እህቱ። «ግራው ባዶ ነው እኮ!»

«አላየሁትም፣ እትዬ።»

«ይሄን የሚያህል ባዶ ቦታ ካላየህማ መንጃ ፈቃድህን መልስ!»

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ግን እየሳቁ የሚያልፉት ነገር አልሆነም። ሾፌሩ አንድ ቀን በፍሬኑ ያመካኛል፣ አንድ ቀን ፊት ለፊቱ ያለው መኪና ዘጋብኝ ይላል፣ አንድ ቀን ደግሞ ምክንያት መፈለግም ታክቶት ዝም ብሎ ይታጠፋል። እህቱ «ይሄ ልጅ ቀኝና ግራውን ሳይለይ ነው ያደገው» እያለች ለተሳፋሪው ይቅርታ መጠየቅ ልማድ ሆነባት።

ለወራት በሁለቱ መካከል የነበረው ወሬ ይህን ይመስል ነበር፦

«ኮፈኑን ይክፈቱልኝ።»

«እሺ።»

«ከወንበሩ ሥር ምን አለ?»

«ክሪክ ነው።»

«ይውጣ።»

«ይኸው።»

ከዚህ ውስጥ ፍቅር ፈልፍሎ የሚያወጣ መሣሪያ እስካሁን አልተሠራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰኞ ዕለት ጎማ ፈንድቶባቸው አርፍደው ሲደርሱ፣ መስታወቱን ወደ ታች እያየች «ዛሬ ዘገያችሁ» አለች። ለሱ ሳይሆን ለጎማው የምትናገር ትመስል ነበር። ሾፌሩ እስከ ሐሙስ ድረስ ሌላ ነገር አላሰበም።

ችግሩ ፍተሻው ነው። ለሌላው መኪና ጠንቃቃ ናት፣ ለዚህች ሚኒባስ ግን ጭራሽ ባሰባት። የከፈተችውን ደግማ ትከፍታለች፣ ያንኳኳችውን በር ዞራ መጥታ ታንኳኳለች፣ ዳሽቦርዱ ውስጥ ያለውን አሮጌ ጨርቅ ሳይቀር አውጥታ ወደ ብርሃን ትይዘዋለች። ከኋላ የተሰለፉት ጥሩምባ ይነፋሉ።

«ይቺ ልጅ ምን በድለናት ነው?» አለች እህቱ አንድ ቀን፣ እንደገና መንገድ ሲጀምሩ። «ጥርሷን ነክሳብናለች እኮ! ሌባ ነው የመሰልናት?»

ሾፌሩ ማርሽ ቀየረ። እሱም ወደዚያው ማሰብ ጀምሮ ነበር። የማትወደውን ሰው እንዲህ ነው የምትፈትሸው፣ ጠርጥራኛለች ብሎ ደመደመ። ያም ሆኖ ሐሙስ ሲደርስ መሪው ወደ ቀኝ ዞረ። ጥርጣሬዋም ቢሆን ከግራው ፈታሽ «እለፍ» ይሻለው ነበር።

የኬላው ኃላፊ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሁለቱንም መስመሮች ያሳያል። ሾፌሮች ኃላፊውን «ስካነር» ይሉታል፤ ሰው ሲያይ አጥንቱን የሚቆጥር ስለሚመስላቸው። ስካነር ሚኒባሷን ካስተዋላት ቆይቷል። በሥራ ዘመኑ ሰነፉን ፈታሽ ትቶ ጥብቋን የሚመርጥ ሾፌር አላጋጠመውም። እንደዚህ ያለ ሾፌር ከፈታሿ ጋር ተመሳጥሯል፤ የፍተሻው መርዘምም ዓይን ማሳሳቻ ነው። ነገሩ በዚህ መልክ ሲታይ በእውነቱ የሚያሳምን ነበር።

ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት ሚኒባሷ ተራዋ ሳይደርስ ወደ ዳር እንድትወጣ ታዘዘች። ሁለት መካኒኮች መጡ። የበሮቹ ሽፋን ወለቀ፣ ምንጣፉ ተገፈፈ፣ ወንበሮቹ ተፈትተው አስፋልቱ ላይ ተደረደሩ። ተሳፋሪዎቹ መቆም ሲሰለቻቸው አንድ በአንድ እየሄዱ እዚያው በየወንበራቸው ተቀመጡ፤ በተርታ፣ እንደ ጉዞው።

«ሾፌር፣ መስኮት ዝጋልን፣ ንፋስ ገባ!» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ።

እህቱ ብቻ አልሳቀችም። እያንዳንዱ ብሎን ሲፈታ ከሷ አካል የሚነቀል ይመስል ፊቷ ይጨማደድ ነበር። ፈታሿ ከመስመሯ ሆና ታያለች፤ ወደዚያ እንዳትሄድ ተከልክላለች።

ምንም አልተገኘም። ስካነርን ይበልጥ ያሳሰበው ይህ ነው። ሾፌሩንና እህቱን ወደ ቢሮው አስጠራ።

«ለምንድን ነው ሁልጊዜ የቀኙን መስመር የምትይዘው?»

«ጥላ አለው» አለ ሾፌሩ።

ኃላፊው በመስኮቱ ወደ ታች ተመለከተ። ጥላው ግራው መስመር ላይ ነበር። «እሺ። ሌላ ሞክር።»

ሾፌሩ ወደ ጫማው አቀረቀረ።

«እኔ ልንገርህ እንግዲህ። ከዚያች ልጅ ጋር ሥራ አላችሁ። ዛሬ ባዶ ሆነህ መጣህ፣ ነገ ግን እደርስበታለሁ። እስከዚያ የመሻገሪያ ፈቃዳችሁ ይታገዳል፣ እሷም ከሥራ ትሰናበታለች።»

«ኧረ ጌታዬ! የልጆቼን ጉሮሮ አይዝጉብኝ!» አለች እህቱ። ወንድሟን በክርኗ ጎሸመችው። «ተናገር እንጂ፣ አፍ የለህም?»

«እሷ ምንም የምታውቀው ነገር የለም» አለ ሾፌሩ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «ያን መስመር የምይዘው እኔ ነኝ። ስለምወዳት ነው።»

እህቱ አፏን ያዘች።

«አውርታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ ኃላፊው ረጋ ብሎ።

«‹ኮፈኑን ይክፈቱልኝ› ትለኛለች። ‹እሺ› እላለሁ።»

«በዚህ ነው የወደድካት?»

«አዎ።»

ስካነር ለረጅም ጊዜ አየው። በዚህ ወንበር ላይ ብዙ ውሸት ሰምቷል፤ ሁሉም ግን ከዚህ የተሻለ ተለፍቶባቸዋል። ሁለቱንም ግድግዳው ጋ አስቀምጦ፣ «አንድ ቃል ብትተነፍሱ መኪናችሁን እዚሁ አስቀረዋለሁ» አለና ፈታሿን አስጠራት።

ገባች። ሾፌሩን አየችው፣ እህቱን አየች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች።

«የዚህ ሰው ሚኒባስ ሲመጣ ፍተሻሽ የሌላውን እጥፍ ይፈጃል» አለ ኃላፊው። «አንድ ቀን እንኳ ምንም አላገኘሽም። ይሄ ሁለት ትርጉም ነው ያለው። ጠርጥረሽው ከሆነ፣ ፈቃዱን እሰርዛለሁ፣ አንቺም ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ። ተመሳጥራችሁ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ትባረራላችሁ። የትኛው ነው?»

መውጫው ለሷ ክፍት ነበር። «ጠርጥሬው ነው» ማለት ብቻ በቂ ነው፤ ሥራዋን የሚነካባት አይኖርም። እህቱ በዓይኗ ለመነቻት። ሾፌሩ ግን «ጠርጥሬው ነው» ልትል እንደሆነ አልተጠራጠረም፤ ሲያስበው የከረመው ይህንኑ ነበር። 

«አልጠረጠርኩትም» አለች።

«ታዲያ ተመሳጥራችኋል?»

«አልተመሳጠርንም። ከሥራ ውጭ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ይህን ያህል የምትቆዪበት?»

ፈታሿ የዘንጓን ጫፍ በሁለት እጇ ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ወደ ሾፌሩ አልዞረችም፤ ብትዞር መናገር እንደማትችል ታውቅ ነበር።

«ቶሎ እንዳይሄድብኝ ነው» አለች።

 ስካነር መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምን አልሽኝ?»

«ሰምተውኛል። ሁለተኛ ማለት አልችልም።»

ኃላፊው ሾፌሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ በመስኮቱ አስፋልቱ ላይ በተርታ የተቀመጡትን ተሳፋሪዎች አየ። ምሥጢር ሲያሳድድ ከርሞ ያገኘው ይህን ሆነ። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው።

«ፈታሽ የቅርቡን ሰው መኪና አይፈትሽም» አለ። «ከነገ ጀምሮ የጭነት መኪናዎች በር ላይ ትሠሪያለሽ።»

የጭነት በር ማለት አቧራ፣ ፀሐይና ክረምት ከበጋ የከባድ መኪና ጭስ ማለት ነው። አዲስ ፈታሽ ሁሉ እዚያ ይጀምራል፣ እሷም እዚያ ጀምራ ስንት ለፍታ ነው ወደዚህ የመጣችው። «እሺ» አለች።

«አንተ ደግሞ ከዛሬ በኋላ ቀኝ መስመር እንዳላይህ። ፈቃዳችሁ አይነካም። አሁን ከፊቴ ሂዱ።»

«ጌታዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች እህቱ፤ ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «እኔ የምለው ግን፣ ይቺን ለመነጋገር የኔ መኪና ወንበር መፈታት ነበረበት?» መልስ አልጠበቀችም። ቦርሳዋን አነሳችና «ደረጃ ለመውረድ ጊዜ ይወስድብኛል፣ እናንተ አትቸኩሉ» ብላ ከሁሉም ቀድማ ፈጥና ወረደች።

ሁለቱ ደረጃው መሐል ላይ ቆሙ። ታች መካኒኮቹ ወንበሮቹን መልሰው እየገጠሙ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ አንነሳም ብለው ይሟገታሉ። ከዚህ በፊት በሁለቱ መካከል ሁልጊዜ ኮፈን፣ ጎማ ወይ ሻንጣ ነበር። አሁን ምንም የለም። ለጥቂት ጊዜ ሁለቱም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

«የጠላሽኝ ይመስለኝ ነበር» አለ።

«በሳምንት ሁለት ጊዜ ትርፍ ጎማህን የማየው ጎማ ወድጄ ነው?»

ሾፌሩ ሳቀ። ሲስቅ አይታው አታውቅም።

«ቢያባርርሽስ ኖሮ?» አለ። «‹ጠረጠርኩት› ብትይ ማንም አይነካሽም ነበር።»

«አንተ ትባረር ነበር እንጂ እኔማ አልባረርም ነበር። ሰኞ ይመጣል፣ ሐሙስ ይመጣል፣ አንተ አትመጣም። ምን ልሠራበት ነው?» አለችና ቆይታ አየችው። «አንተስ? ለምንድን ነው ግራው ባዶ ሆኖ ሁልጊዜ ረጅሙን ሰልፍ የምትይዘው?»

ሾፌሩ ትንሽ አሰበ። ላይ ቤት በሰው ፊት የተናገረውን እዚህ ሊደግመው ሞከረና ምላሱ ተሳሰረ።

«ረጅም ስለሆነ» አለ።

ፈታሿ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበርና እንዲያይባት አልፈለገችም። ከታች እህቱ ጥሩምባውን ነፋች፤ አንዴ፣ ከዚያ አንዴ ረዘም አድርጋ።

«ሐሙስ ሥራ የምወጣው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው» አለች ፈታሿ። «በእግርህ ና፤ መኪና ይዘህ እንዳትመጣ።»

«እመጣለሁ።»

«በል ሂድ አሁን። ሰዎቹ ስንት ሰዓት ሙሉ ጠብቀውሃል» አለችና በመዳፏ ትከሻውን ገፋ አደረገችው። «ሂድ፣ ቶሎ በል።»