ገመዴን የነካ አለ?

ድንቢጥ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ ቀጭንና ፈጣን ስለሆነች ግን የግቢው ሰው ሁሉ ድንቢጥ ይላታል። ከአባቷ፣ ከእናቷና ከአራት ዓመት ወንድሟ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። ግቢው የጋራ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት የመኪና ባትሪ ያድሳል፤ ሰዉም "ባትሪ" ብሎ ይጠራዋል፣ እሱም አቤት ይላል።

የአባቷን ሥራ ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። የፎቅ መስታወት ያጥባል። ገመዱን ጣራ ላይ ያስራል፣ በወገቡ ቀበቶ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ያጸዳል። ከመሬት ሆኖ ላየው ሰው መስታወት ላይ ያረፈ ዝንብ ይመስላል።

ገመድ ሦስት ጠላት አለው ይላል አባቷ፤ ስለት፣ ፀሐይና አሲድ። ስለት ቁስሉ ይታያል። ፀሐይ ቀለሙን ስለምትበላው ታስታውቃለች። አሲድ ግን ውስጥ ገብቶ ዝም ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት ዓይኑን ጨፍኖ ገመዱን ክንድ በክንድ ይዳብሰዋል። ቀጥሎ ቦርሳውን ተሸክሞ በሩ ላይ ይቆምና አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

"ገመዴን የነካ አለ?"

ተራ በተራ ይመልሱለታል። እናት "የለም" ትላለች። ድንቢጥ "የለም" ትላለች። ትንሹ ደግሞ "የለም፣ ኳሴን ግን ነክተውብኛል" ይላል፣ በየቀኑ። ይስቃሉ፣ አባትም ይወጣል። እጁ ያላገኘውን የቤተሰቡ ቃል ይነግረዋል። ነፍሱን በዚያች "የለም" ላይ ነው የሚያንጠለጥላት ልጆች።

አባቷ ያን ሰሞን የሚያጥበው ፎቅ ጣራ ላይ ቅዳሜ ሊያወጣት ቃል ገብቶላት ነበር። ከተማውን ሁሉ ልታይ ነው። የሥራቸውንም ምልክት አስተምሯታል፤ ሁለት እጅ ከራስ በላይ ተጣምሮ ከታየ "ባለህበት ቁም" ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት። ቦርሳውን ከነካች ጣራ የሚባል ነገር የለም።

ረቡዕ ከሰዓት አባቷ በጊዜ ገባ፣ ቦርሳውን ከበሩ ጀርባ ሰቀለና ሳሙና ሊገዛ ራቅ ወዳለው ገበያ ወጣ። እናት ሥራ ላይ ናት። ትንሹ ተኝቷል። ግቢው ጭር ብሏል። ድንቢጥ ቦርሳውን አየችው። አሁንም አየችው። ሁለት ጊዜ ብቻ ዥዋዥዌ ተጫውቼ እመልሰዋለሁ አለች በልቧ። ይቺን "ብቻ" ታውቋታላችሁ አይደል? እኔም አውቃታለሁ፣ የማይሆን ቦታ ወስዳኛለች።

ገመዱን በልብስ ማስጫው ብረት ላይ አሳልፋ አሰረችው። የተረፈው መሬት ላይ ተጠቅልሎ ተቀመጠ። አንዴ ተወዛወዘች፣ ሁለቴ። በሦስተኛው እግሯ ባትሪ አሲድ የሚያስቀምጥበትን ጀሪካን መታው። አሲዱ ፈሰሰ። ሲሚንቶው ላይ ነጭ አረፋ ተንተከተከ። እግሯን ለጥቂት ሳታት፤ የተጠቀለለውን ገመድ ግን አገኘው።

ቶሎ ብላ በውሃ አጠበችው። ፀሐይ ላይ አደረቀችው። አገላብጣ አየችው፣ ምንም የለበትም። እንዲያውም ንጹሕ ሆኗል። እንደነበረው ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። ባትሪ መጥቶ ጀሪካኔን ማን ደፋው ብሎ ሲጠይቅ የግቢያችን ድመት ናት አለችው። ምስኪን ድመት፣ እስኪመሽ ስትሰደብ ዋለች።

ማታ ቤተሰቡ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይጸልያል፤ ልማዳቸው ነው። ያን ዕለት ድንቢጥ ዓይኗን መጨፈን ፈራች። ዓይኗን ከጨፈነች እግዚአብሔር በሩ ላይ ቆሞ የአባቷን ጥያቄ የሚጠይቃት መሰላት። ስለዚህ አፍጥጣ ጣራውን እያየች ጸሎቱ ሳያልቅ "አሜን" አለች። እናቷ ምን አጣደፈሽ አለቻት። እንቅልፌ መጣ አለች። እንቅልፍ ግን በዚያ ሌሊት በዚያ ቤት በኩል አላለፈም።

ጠዋት አባቷ ገመዱን ክንድ በክንድ ዳበሰው። ድንቢጥ እጁን እያየች ቆመች። መሃሉ ላይ ሲደርስ ጣቶቹ ቆም ያሉ መሰላት። አግኘው፣ አንተው አግኘው እያለች በልቧ ለመነች። አላገኘውም። ቦርሳውን አንስቶ በሩ ላይ ቆመ።

"ገመዴን የነካ አለ?"

"የለም" አለች እናት።

ጣራው፣ ቁጣው፣ የአባቷ ፊት፣ ሁሉም በአንዴ መጣባት።

"የለም" አለች ድንቢጥ።

ትንሹ የኳሱን ነገር ተናገረ። ሁሉም ሳቁ። አባቷ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጓት ወጣ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ስሙ። አባቷ የሚያጥበው ፎቅ ከትምህርት ቤታቸው መስኮት ይታያል። አሥራ ሁለት ፎቅ ነው። ድንቢጥ ደብተሯን ገለጠች፣ ዓይኗ ግን መስኮቱ ላይ ነው። ዝንቡ ጣራው ጫፍ ላይ ብቅ አለ። አሥራ አንደኛ ላይ ደረሰ። አሥረኛ። መንገድ ላይ አምቡላንስ ጮኸ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ለሌላ ሰው ነበር፣ አለፈ። ዝንቡ ዘጠነኛ ላይ ነው።

ከጥያቄው ሸሽታ ሌሊቱን ሙሉ ሮጣለች፣ አልጋ ላይ ተኝታ እየሮጠች። ደከማት። ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፋችና ዓይኗን ጨፈነች። ጠይቀኝ አለችው እግዚአብሔርን።

ጥያቄው መጣ። ግን እንደ ፈራችው በቁጣ አልመጣም። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠይቅ ያለው ዓይነት ነበር፤ መልሱን እስክትናገር ሳይሰለች የሚጠብቅ።

"አዎ ጌታዬ፣ እኔ ነኝ" አለች በሹክሹክታ። "አባዬን ያዝልኝ። እኔንም ያዘኝ።"

ፍርሃቱ ጥሏት ሄደ ብዬ አልዋሻችሁም። አልሄደም። ግን ከፍርሃቱ ጋር ብቻዋን መሆኗ ቀረ፣ ጉልበቷም ታዘዘላት። ተነሥታ ለመምህርቷ ሁሉንም ነገረቻት። መምህርቷ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ ጣለች፣ የድንቢጥን እጅ ያዘች፣ ሮጡ።

የፎቁ ዘበኛ ሲያያቸው ሊቀልድ አማረው። "እቴ፣ ጫማሽን ማን ነጠቀሽ?" አላት መምህርቷን።

"ጋሼ፣ አባቴ ያለበት ገመድ አሲድ ነክቶታል" አለች ድንቢጥ። "እኔ ነኝ ያስነካሁት።"

የዘበኛው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። ፊሽካውን አውጥቶ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። ዝንቡ ሰባተኛው ፎቅ ላይ አንገቱን ወደ ታች አጎነበሰ። ድንቢጥ አልጮኸችም። ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አጣመረች።

አባቷ ልጁን አወቃት። ምልክቱንም አወቀው። ባለበት ቆመ።

ዘበኛው ጣራ ላይ ላለው የአባቷ የሥራ ባልደረባ በስልክ ነገረው። ሌላ ገመድ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ነፋስ ወስዶ መለሰው። ድንቢጥ እጆቿን አላወረደችም፤ ካወረደቻቸው አባቷ አብሮ የሚወርድ መሰላት። ክንዷ ዛለ። መምህርቷ ከኋላ ሆና ክርኖቿን ደገፈችላት። በመጨረሻ አዲሱ ገመድ አባቷ እጅ ገባ። ቀበቶው ላይ አያያዘው። አሮጌውን ለቀቀው።

መሬት ሲደርስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አሮጌው ገመድ ከጣራ ተጣለለት። ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ የቆመበትን ቦታ ፈልጎ ከዚያ ወደ ታች ክንድ በክንድ እየሳበ ለካ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እዚያ ጋ በእግሩ ረግጦ በሁለት እጁ ሳበው። እንደ ደረቅ ሣር ተበጠሰ። ከእግሩ በታች ሦስት ክንድ ነበር የቀረው ልጆች፤ ትንሽ ቢወርድ ያንን ያልፈውና ክብደቱ ሁሉ እዚያ ላይ ያርፍ ነበር።

ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። ድንቢጥ ጥፊ ጠበቀች።

"ጠዋት የለም ብለሽኝ ነበር" አለ አባቷ።

"አዎ አባዬ።"

"እስቲ አሁን ልጠይቅሽ። ገመዴን የነካ አለ?"

"አለ። እኔ ነኝ። ድመቷም አይደለችም።"

የድመቷ ነገር አልገባውም፤ ቢሆንም እጁን ዘረጋላት። ሄዳ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። ለቅሶው ያኔ መጣ። ሲወጣላት ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ መኪናው እየጮኸ፣ ሰዉ ከቧቸው እያወራ፣ አባቷ እቅፍ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ሌሊቱን ሙሉ በለስላሳ አልጋ ላይ ያጣችውን እንቅልፍ ሲሚንቶ ላይ አገኘችው።

ጣራው ቀረ። ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ልብስ ስታጥብ ዋለች፤ ባትሪንም ይቅርታ ጠየቀች። ለድመቷ ወተት የሰጠችው ግን በራሷ ፈቃድ ነው። ማታ ሲጸልዩ ዓይኗን ጨፈነች፣ "አሜን" ለማለትም አልቸኮለችም።

ልጆች፣ ጌታ ኢየሱስ ሸክም የከበደውን ወደ እኔ ና ብሎ የሚጠራው ሊያሳርፈው ነው፤ ስለዚህ ስታጠፉ ከእርሱ አትሽሹ፣ ወደ እርሱ ሩጡ፤ ዕረፍት ያለው እርሱ ዘንድ ነው።